ተዝካር የሥርየት ሽያጭ አይደለም

«የወልድያና የመርሳ ተዝካር ከመካከለኛው ዘመን ካቶሊኮች የሥርየት ሽያጭ አይለይም» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ሁለቱንም አላወቃቸውም።

ከሮም እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1215 አራተኛው የላተራን ጉባኤ ምእመን ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲናዘዝ አዘዘ። ጸሐፊው «የሥርየት ሽያጭ» ያለው ኢንደልጀንስም በትምህርቱ ኃጢአትን አይሽርም፤ ለተናዘዘ ሰው የቀረውን ጊዜያዊ ቅጣት ማቅለያ ነው። በኋላ ገንዘብ አበላሸው፤ በ1567 ፖፕ ፒየስ አምስተኛ ከክፍያ ጋር የተያያዘውን ሻሩት።

ወደ ወልድያና መርሳ እንመለስ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ያ ቅጣት ከሞት በኋላ የሚከፈልበት፣ ነፍስ በእሳት የምትነጻበት መካከለኛ ስፍራ አለ ብላ አታስተምርም። ታዲያ የሚሸጠው የየትኛው ቅጣት ቅናሽ ነው? በተዝካር፣ ሰው በሞተ በ40ኛው ቀን፣ ይጸለያል፣ ይቀደሳል፣ ድሃ ይበላል። ባሏ ወደሞተባት ሴት ቤት ጎረቤቶቿ እንጀራ በመሶብ ተሸክመው ሲገቡ አይቻለሁ። ለሟቹ የይቅርታ ደረሰኝ የጻፈ ግን አላየሁም።

ለድግስ ተበድሮ ልጆችን ማስራብ ጥፋት ነው፤ እሱን አብረን እንንቀፍ። ትምህርቱን ግን ሳትማሩ አትፍረዱበት።