ሞዴል ሠሪ ምን ዓይነት መጽሐፍ ይሻል?

የአክሱምን ሐውልት ወይም የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ በካርቶን፣ በጄሶ ወይም በእንጨት አሳንሶ መሥራት ለተማሪዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ሥራው ሲታሰብ ግን ተማሪው አስቀድሞ የሚፈልገው ማጣበቂያና ቀለም ነው። መጽሐፍ የፈለገ እንደ ሆነም ካርቶን እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ጄሶ እንዴት እንደሚበጠበጥ የሚያስረዳውን የእጅ ሥራ መምሪያ ይሻል። እንዲህ ያለው መምሪያ ጥቅም የለውም አልልም፤ ነገር ግን እጅን እንጂ ዓይንን አያስተምርም። በእኔ አስተያየት ሞዴል ሠሪ ከሁሉ በፊት ሊያገኘው የሚገባው ስለ ሞዴል አሠራር የተጻፈውን ሳይሆን፣ ሊሠራው ስላሰበው ነገር የተጻፈውንና ልኩን የያዘውን መጽሐፍ ነው።

አንድ ተማሪ በአክሱም ሳይወድቅ የኖረውን ታላቅ ሐውልት ከፖስት ካርድ ላይ አይቶ ለመሥራት ተነሣ እንበል። የሐውልቱ ቁመት ወደ 21 ሜትር ስለሆነ፣ በ1፡100 ስኬል ሞዴሉ 21 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቁመቱን በዚህ አገኘ፤ ስፋቱንና ውፍረቱንስ ከየት ያመጣል? ፎቶግራፍ አንሺው ከሥር ቆሞ ሽቅብ ያነሣው ስለሆነ፣ ጫፉ ከእውነተኛው ይልቅ ቀጥኖ ይታያል። የፊቱ ገጽ መካከል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የተጠረበ መሆኑም ፊት ለፊት በተነሣ ሥዕል ላይ እምብዛም አይለይም። ጀርባውማ ጨርሶ የለም። ስለዚህ ተማሪው ያላየውን በግምት ይሞላዋል። ግምቱም ቀለም ከተቀባ በኋላ እውነት ይመስላል፤ አክሱምን አይቶ የማያውቅ ተመልካችም «ለካ እንዲህ ነው!» ብሎ አምኖ ይሄዳል።

ይህን ስሕተት የሚያርም መጽሐፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣ አንድ የጀርመን የጥናት ቡድን ነበር። ከቡድኑ አባላት አንዱ የሕንፃ ባለሙያው ዳንኤል ክሬንከር ነው። የጥንቱን ሥራዎች እየለኩ ነደፏቸው፤ የጥናቱም ውጤት እ.ኤ.አ. በ1913 በርሊን ላይ በአራት ቅጽ ታተመ። ጽሑፉ በጀርመንኛ ነው፤ መስመርና አኃዝ ግን አስተርጓሚ አያሻቸውም። ደግሞም ከዚሁ ሥራ የተውጣጣ መጽሐፍ በዴቪድ ፊሊፕሰን አዘጋጅነት በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በኩል ታትሟል። ሐውልቱ በአግድም ቢቆረጥ ምን መልክ እንደሚኖረው የሚያሳይ አንድ ንድፍ ለሞዴል ሠሪ ከሃያ ፎቶግራፎች ይበልጥበታል።

እንደነዚህ ያሉትን መጻሕፍት «ሞዴል» በሚለው ርእስ ሥር የሚፈልግ አያገኛቸውም። የሚገኙት በታሪክ፣ በአርኪዮሎጂና በሥነ ሕንፃ መደርደሪያ ላይ ነው። አንዱን ያገኘ ደግሞ ብዙዎቻችን ሳንገልጣቸው የምንተዋቸውን የመጨረሻዎቹን ገጾች ይመልከት፤ በዚያ የተዘረዘሩት ዋቢ መጻሕፍት ወደ ሌላው ይመሩታል።

የታተመበትን ዓመት ማየትም ግድ ነው። ወደ 24 ሜትር የሚረዝመው ሁለተኛው ሐውልት ጀርመኖቹ ሲመጡ ወድቆ ተሰባብሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ጣልያኖች ወደ ሮም ወስደው አቆሙት፤ በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ2008 በቀድሞ ቦታው ቆመ። እንግዲህ በ1913 የታተመው መጽሐፍ የወደቀ ሐውልት ያሳያል፤ በ1960ዎቹ የተጻፈ መጽሐፍ «ሮም ነው ያለው» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ የአክሱምን አደባባይ በዛሬ ይዞታው ለመሥራት የሚነሣ ሰው ግን በእነርሱ ብቻ ቢመራ ይሳሳታል። ቁመትም ቢሆን ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሲለያይ፣ በመሬት ውስጥ የተቀበረው ክፍል ተቈጥሮ እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«አባቶቻችን ያለ መጽሐፍ ያንን ሁሉ ሠርተው የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ጎጆ የሚሠራ ሰው መጽሐፍ አይገልጥም። እርሱ ግን በጎጆ ውስጥ ተወልዶ ያደገ፣ ምሰሶውንና ማገሩን በእጁ የዳሰሰ ነው። ጋምቤላ ወይም ጂንካ ተቀምጦ አክሱምን የሚሠራ ተማሪ ያንን ዕድል አላገኘም። የለካለት ሰው ያስፈልገዋል።

መጻሕፍቱ በየትምህርት ቤቱ አለመኖራቸው አይካድም። ቢሆንም ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቅ መምህር ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ወይም ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አስፈቅዶ የሁለት የሦስት ንድፎች ግልባጭ ቢያመጣ፣ ለብዙ ዓመት ተማሪዎች ይበቃል። ተማሪውም ሞዴሉን ለእይታ ሲያቀርብ ከሥሩ ትንሽ ወረቀት ይለጥፍ፤ ስኬሉን፣ ልኩን ያገኘበትን መጽሐፍና የታተመበትን ዓመት፣ እንዲሁም በግምት የሞላው የትኛውን ክፍል እንደ ሆነ ይጻፍበት።