የፊት ቅባትና የፎገራ ፀሐይ

በቁሐር ሚካኤል ሜዳ ሩዝ በሚታረምበት ወራት፤ ሴቶች ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው፤ ወንዶችም ፎጣ ጠምጥመው ሲሠሩ ይታያሉ። ይህን የሚያደርጉት ስለ ውበት ተጨንቀው ሳይሆን ፀሐዩ ስለሚያቃጥላቸው ነው። ሆኖም የዛሬው የቆዳ ሕክምና የሚመክረው ከዚሁ የራቀ አይደለም።

እርጅናን ይከላከላሉ የሚባሉት ቅባቶች ዛሬ በየዓይነቱ ተከፋፍለዋል፤ ለዓይን ሥር ሌላ፤ ለአንገት ሌላ፤ ለእጅ ሌላ ነው። ማስታወቂያቸውም በቲክቶክና በቴሌግራም አማካይነት ወረታ ላለው ወጣት ሠራተኛ ይደርሳል።

ነገር ግን አንድ ጉዳይ ልብ ሊባል ይገባል። ይህ ንግድ ይበልጡን የሚያስበው ቶሎ ለሚሸበሸበው ነጭ ቆዳ ነው። የእኛ ቆዳ ሜላኒን የተባለው ቀለም ስለሚከላከልለት ዘግይቶ ይሸበሸባል፤ ዕድሜና ፀሐይ ምልክታቸውን የሚተዉበት በአብዛኛው በማዲያትና በቀለም መዥጎርጎር ነው። ስለዚህ ወጣትነቱን ሊመልስ የሚሻ ሰው ሳያስበው የሚያነጣ ቅባት ገዝቶ ይገባል። አደጋው እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሃይድሮኪኖን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረዥም ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን መልሶ ያጠቁራል፤ ስቴሮይድም ቆዳን ያሳሳል። የሚናማታ ስምምነት አባል መንግሥታት ሜርኩሪ የተጨመረባቸው የውበት ዕቃዎች በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2025 እንዲቀሩ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. የወሰኑት በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ የሚበጀው ምንድን ነው? በ2005 ዓ.ም. የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ከ900 በላይ ሰዎችን 4 ዓመት ተኩል ተከታትሎ፤ የፀሐይ መከላከያ በየቀኑ የተቀቡት በፈቀዳቸው ጊዜ ብቻ ከተቀቡት ይልቅ የቆዳቸው እርጅና በ24 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ተጠኚዎቹ አብዛኞቹ ነጮች ቢሆኑም፤ ማዲያትን የሚያብሰውም ያው ፀሐይ ነው። ፎገራ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ጨረሩ ይበረታል።

እንግዲህ ወጣቱ ደመወዙን ከማፍሰሱ በፊት ጃንጥላና ባርኔጣ ይያዝ። ይዘቱ ያልተጻፈበትን ቅባት አይግዛ፤ ማዲያት ቢያስቸግረውም የቆዳ ሐኪም ያማክር። ዕድሜን ማስቆም አይቻልም፤ በገዛ ገንዘብ ከተገዛ ጉዳት ግን መዳን ይቻላል።