የዶን ኪሆቴን ማዕረግ ማን ሰጠው?

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን የተነሣ ክርክር እስከ እኩለ ሌሊት አላስተኛንም። የስፔኑ ደራሲ ሚጌል ደ ሰርቫንቴስ በ1605 እና በ1615 እ.አ.አ. በሁለት ክፍል ያሳተመው ልብ ወለድ ጀግና፣ ዶን ኪሆቴ፣ ማዕረጉ እውነተኛ ነው ወይስ የሐሰት? ገሚሱ «ሥራው ፈረሰኛ አድርጎታል» ሲል፣ ገሚሱ «እብድ ራሱን ቢሾም ማን ይሰማዋል!» አለ። እኛም የበኩላችንን እንበል።

በመጀመሪያ ሕጉን እንይ። ሰውዬው አሎንሶ ኪሃኖ የሚባል የላ ማንቻ ዝቅተኛ መኳንንት ነው። የዚያ ደረጃ ሰው «ዶን» መባል አይገባውም ነበር፤ ጎረቤቶቹ በዚሁ እንደሚያሙት ሳንቾ ፓንዛ ራሱ በሁለተኛው ክፍል ይነግረዋል። ፈረሰኛነቱስ? የሾመው የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነው። ያውም የገብስና የገለባ ሒሳብ መዝገቡን የጸሎት መጽሐፍ አስመስሎ እያነበነበ፣ በዙሪያው የቆሙትን ሳቅ እየተናነቃቸው! በ13ኛው ክፍለ ዘመን በካስቲል ንጉሥ በአልፎንሶ 10ኛ ዘመን የተዘጋጀው ሕግ ደግሞ፣ ፈረሰኛ ያልሆነ ሰው ሌላውን ፈረሰኛ ማድረግ እንደማይችል፣ በፌዝ የተሾመም ከቶ ፈረሰኛ መሆን እንደማይገባው ይደነግጋል። እንግዲህ በሕግ በኩል ነገሩ ያለቀለት ነው።

«ሕግ ምን ያረጋል፣ ዋናው ሥራ ነው» ለሚሉን ጓደኞቻችንም እሺ፣ ሥራውን እንመርምር። ከተሾመ በኋላ መንገድ እንደ ጀመረ ያገኘው ከዛፍ ታስሮ በጌታው የሚገረፍ አንድሬስ የተባለ እረኛ ልጅ ነው። ጌታውን በጦር አስፈራርቶ፣ የልጁን የዘጠኝ ወር ደመወዝ እንዲከፍል አስምሎት ሄደ። በቃ! ወደ ኋላ አላየም። እሱ ዞር ሲል ልጁ መልሶ ታሰረ፤ ከፊተኛው ብሶ ተገረፈ። በኋላ መንገድ ላይ ሲገናኙ ልጁ የለመነው አንድ ነገር ነው፦ ሲቆራርጡኝ ብታይ እንኳ ደግመህ እንዳትረዳኝ!

ወገኖቻችን፣ ይህ ለእኛ ለዕጩ መምህራን የሩቅ ወሬ አይደለም። ለማስተማር ልምምድ ገና ሳንወጣ «መምህር» መባባል ጀምረናል። እርግጥ የእኛ የምስክር ወረቀት ማኅተም ይኖረዋል፤ ማኅተሙንም አናቃልልም። ያለ እሱ ማንም እየተነሣ መምህር ነኝ ባለ ነበር። ወረቀቱ ግን ከክፍሉ በር ያደርሰናል እንጂ ውስጥ ያለውን ሥራ አይሠራልንም። አንድሬስን የመሰለ ልጅ በየክፍሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይጠብቀናል። ደውል ሲደወል ጠመኔያችንን አራግፈን ውልቅ ብንል፣ ገባው አልገባው ብለን ዞር ብለን ባናየው፣ ማኅተማችን ለሱ ምኑ ነው?

ዶን ኪሆቴ ሊሞት ሲል ልቡናው ተመለሰለት። «ዶን»ነቱንም ፈረሰኛነቱንም በገዛ አፉ ተወና፣ ደጉ አሎንሶ ኪሃኖ ነኝ አለ። «ደጉ» የሚለውን ስም ያወጣለት ጠባዩ ነው፤ ንጉሥም፣ ባለ ማረፊያውም አልሰጡትም። በእኛ አስተያየት ከማዕረጎቹ ሁሉ እውነተኛው እሱ ነው።

ተማሪ ለመምህሩ ስም ማውጣቱ መቼም አይቀርም። ምን ብሎ እንደሚያወጣልን ከአሁኑ እናስብበት።