የአየሩን ሚዛን ማን ይመዝነው?

ሥጋ ቤት ገብታችሁ ሁለት ኪሎ ስታዙ ዓይናችሁ ከሚዛኑ አይነቀልም። ልጃችሁ አስም ስላለበት በዘመድ ከውጭ ያስመጣችሁት ትንሽዬ የአየር መለኪያ 60 ሲላችሁ ግን፣ እውነት 60 መሆኑን በምን አወቃችሁ?

እነዚህ ርካሽ መለኪያዎች ብናኙን አይመዝኑትም። ሌዘር ያበሩበትና ከሚበተነው ብርሃን ክብደቱን ይገምታሉ። ችግሩ እርጥበት ነው፤ ብናኝ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ መሣሪያው ደግሞ ያበጠውን እንደ ተጨማሪ ጭስ ይቆጥረዋል። አርባ ምንጭ ሲቀላ ላይ የምትጠቀሙበትን መለኪያ ጉም ወደሚተኛባት ጨንቻ ይዛችሁ ብትወጡ፣ አየሩ ሳይቆሽሽ ቁጥሩ ሊያድግ ይችላል። በተቃራኒው ባጃጅ የሚያስነሳውን ሻካራ አቧራ አሳንሰው ነው የሚያዩት።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ተመራማሪዎች ፐርፕልኤር ለተባለው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ማስተካከያ ቀመር አሳትመዋል። የፒኤም 2.5 ንባቡን በ0.524 ታባዛላችሁ፤ የእርጥበቱን መቶኛ በ0.0862 አባዝታችሁ ከዚያ ላይ ትቀንሳላችሁ፤ 5.75 ትጨምራላችሁ። እርጥበቱ 80 በመቶ ከሆነ የእናንተ 60 ወደ 30 ይወርዳል ማለት ነው! ቢሆንም እፎይ አትበሉ፤ 30 ራሱ የዓለም ጤና ድርጅት ለ24 ሰዓት ካስቀመጠው 15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ እጥፍ ነው።

ቀመሩ የተሠራው በአሜሪካ አየር እንጂ በዶርዜ የማገዶ ጭስ አይደለም። ስለዚህ ትክክለኛው መንገድ መለኪያውን ከሚታመን መሣሪያ ጎን አቁሞ ማወዳደር ነው። አዲስ አበባ ያለው የአሜሪካ ኤምባሲ እንዲህ ያለ መሣሪያ ነበረው፤ ንባቡን ለሕዝብ ማሳየት ያቆመው የካቲት 2017 ዓ.ም. ላይ ነው።

ስትገዙ ሻጩን «ከምን ጋር ተነጻጸረ?» በሉት። (ካርቶኑ ላይ «እጅግ ትክክለኛ» ብለን የምንጽፈው እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች ነን፤ ኢንጂነሩ አይደለም።) ጎረቤት ተመሳሳይ መለኪያ ካለው ሁለቱን ለአንድ ሳምንት አንድ ቦታ አስቀምጧቸው፤ ከተራራቁ ቢያንስ አንዱ ተሳስቷል። ከማንቆርቆሪያ እንፋሎት አርቁት፤ እርጥበቱንም አብራችሁ መዝግቡ።

ከቁጥሩ ይልቅ ለውጡን እመኑ። ከሰል በተያያዘ ቁጥር ንባቡ 20 የነበረው 200 የሚገባ ከሆነ፣ ቀመር ሳትፈልጉ ምድጃውን ወደ ደጅ አውጡት።