ከአጥሩ ወዲያ

በፈረቃ በሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት ደጃፍ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የቆመ ሰው፣ እኔን መምህሩን ምን እንደሚያሳስበኝ ሳልነግረው ይገባዋል። የጠዋቱ ፈረቃ ሲለቀቅ የከሰዓቱ ይገባል፤ በአንድ ጠባብ በር ወጪና ገቢ ይጋፋል። ክፍል ውስጥ «ስንለቀቅ እንገናኝ» የተባባሉ ልጆች የሚገናኙትም እዚያው ነው። ግፊያ ይጀመራል፣ ዙሪያው በተማሪ ይከበባል፣ ከከበበው ግማሹ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ዘበኛው በሩን ከውስጥ ይቀረቅራል። ኃላፊነቱ እስከ በሩ ነዋ!

የልጆች ጠብ ድሮም ነበር፤ በቡጢ ተጀምሮ በቡጢ ያልቃል። ዛሬ ኪስ ውስጥ ሴንጢ አለ። አንዱን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬን፣ ደብተሩ ንጹሕ፣ ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነው፣ «ይሄ ምን ያደርግልሃል?» ብለው «ቲቸር፣ እነሱም እኮ ይዘዋል» አለኝ። ስለት የሚይዘው ጉልቤው ብቻ ቢሆን ሥራችን በቀለለ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ፈሪውም መያዝ መጀመሩ ነው።

አንጋፋ ባልደረቦቼ «አርጩሜው ከቀረ ወዲህ ነው» ይላሉ። አልስማማም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ መደንገጉ ተገቢ ነው። ጉልበት ያለው እንደሚያሸንፍ ልጆቹ ከበሩ ውጭ በደንብ እየተማሩት ነው፤ እኛ መድገም የለብንም። ችግሩ አርጩሜውን ስንጥል እጃችን ላይ የቀረው «ወላጅ አምጣ» ብቻ መሆኑ ነው። ወላጅ ደግሞ የቀን ሥራ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ከቀረ የዕለቱ እንጀራ ቀረ። ስለዚህ ልጁ ከመንደር ደላላ ጋር ተዋውሎ «አጎቴ ናቸው» ብሎ ይዞ ይመጣል። አንዱ «አጎት» በንዴት ልጁን በጥፊ ሊለው ሲቃጣ ተረባርበን ያዝነው። ቁጣው በረድ ሲል ዩኒት ሊደሩን ጠጋ ብሎ «የልጁ ስም ማን ነበር?» ሲል ጠየቀ።

የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ከሰዓቱን ሙሉ ባለቤት የለውም። ፑል ቤቱና ጫት ቤቱ ግን ይጠብቁታል። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮልና ሲጋራ መሸጥን ይከለክላል። መታወቂያ መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም፣ ልጁ ዩኒፎርም ለብሶ ነው የሚገዛው። አንዳንዴ ዘመቻ ይመጣና ቤቶቹ ይታሸጋሉ። ወሬው ሲበርድ በጓሮ በር ሥራ ይጀመራል።

ፖሊስ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። «ሕፃን ስለሆንኩ አልታሰርም» የሚል ተማሪ ገጥሞኛል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ዕድሜው ከ15 ያለፈ ልጅ፣ ቅጣት ሊቀልለት ቢችልም፣ የሚዳኘው በመደበኛው ድንጋጌ መሆኑን የነገረው የለም። የሥነ ዜጋ ትምህርት እያስተማርን ይህን አለመንገራችን ይገርመኛል።

ጠቡ በሩ ላይ አይወለድም። በቴሌግራም ግሩፕ በተጻፈ ስድብ፣ በአንዲት ልጅ፣ በኳስ ይነሳና ቀናት ያድራል፤ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል፣ ከመምህራንም የሚሰማ አይጠፋም። በመውጫ ሰዓት ሁለት ሁለት እየሆንን በተራ ከበሩ ውጭ እንቁም ስል «ደመወዝህ ለመወጋትም ነው እንዴ?» የሚሉኝ አሉ። አልፈርድባቸውም። ያም ሆኖ መምህር ብቅ ሲል የከበበው ተማሪ ሲበተን በዓይኔ አይቻለሁ። እሱ ቢቀር እንኳ የሁለቱ ፈረቃዎች መውጫና መግቢያ ለሃያ ደቂቃ ይለያይ። ለዚህ በጀትም የበላይ አካል ደብዳቤም አያስፈልግም፤ ደወሉን የሚደውለው ሰው እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው ያለው።