ጤና ተቋማት ይለጥፋሉ፤ ዋጃ ማንን ይጠይቅ?

በቆቦና በአላማጣ መካከል ባለችው ዋጃ፣ እንደ መላው የራያ ቆላ፣ ክረምት ሲወጣ ወባ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን አስታውቋል። ማስጠንቀቂያው በፌስቡክና በቴሌግራም ተሰራጭቷል። ግን ቆላ ላለችው እናት ደርሷታል ወይ? ደርሷትስ መልሳ መጠየቅ ትችላለች?

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ከተገኘ በኋላ፣ የያኔዋ ጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ የምርመራውን ውጤት በየዕለቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ያሳውቁ ነበር። ሕዝቡም ያን ቁጥር መጠበቅ ለምዶ ነበር። ዛሬ የብዙ ጤና ተቋማትን ገጽ ብንከፍት ግን የሚበዛው የስብሰባና የጉብኝት ፎቶ ነው።

ክፍተቱን ሌላ ሰው ይሞላዋል። ረመዷን ሲቃረብ የስኳር ታማሚ «ኢንሱሊኔን በሱሁር ልውሰድ ወይስ በኢፍጣር?» ብሎ ይጠይቃል። ሐኪም ካልመለሰለት፣ ጥቁር አዝሙድና ማር ቀላቅሎ የሚሸጥ የቲክቶክ ነጋዴ ይመልስለታል። ጥቁር አዝሙድን የሚጠላ ሙስሊም የለም፤ «መርፌህን ጣለው» ማለት ግን ሰው መግደል ነው።

ሁለተኛው ችግር ኔትወርኩ ራሱ ነው። በ2015 የካቲት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወራት ያህል ተገደቡ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። መረጃውን ሁሉ በአንድ የቴሌግራም ቻናል ያስቀመጠ ተቋም በዚያ ጊዜ ለቆላው ዲዳ ሆነ ማለት ነው።

በኮሮና ጊዜ የተዋወቁት 8335 እና 952 ነጻ የስልክ መስመሮች ከዚህ ይሻሉ ነበር፤ ተራ ስልክ ይበቃቸዋል፣ ሰውም አንስቶ ይመልሳል። ከ1995 ጀምሮ ደግሞ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። የጎደለው ማገናኛው ነው። ጤና ጣቢያው ለኤክስቴንሽን ሠራተኞቹና ለየመስጂዱ ኢማም አጭር የድምፅ መልእክት ቢልክ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋም ቢደውል፣ መልእክቱ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ለጀማዓው ይነገራል። ከጀማዓው የሚነሳውን ጥያቄም ኢማሙ በዚያው ስልክ ለጤና ጣቢያው ያደርሳል፤ መልሱ ለሚቀጥለው ጁሙዓ ይደርሳል። የትኩሳት ጉዳይ ከሆነ ግን ጁሙዓ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ነው።