አብሮ መንበርከክ

መጸለይ ሲያቅተን ብዙዎቻችን ከኅብረት እንርቃለን። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ቅዱሳን ድካሜን እንዳያዩብኝ ፈርቼ።

በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ሚስዮናውያኑ ከአገር ሲወጡ፣ በጎንደር አካባቢ በደምቢያ፣ ከቤተ እስራኤል ወገን በጌታ ያመኑት ጥቂቶች ያለ እነርሱ ቀሩ። ሚስዮናዊው ማርቲን ፍላድ ከሩቅ ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር፤ ደብዳቤ ግን አብሮ አይንበረከክም። እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆዩ። አገልግሎቱንም ለብዙ ዓመታት የመራው የአገሩ ልጅ ሚካኤል አረጋዊ ነበር።

ጌታ «ሁለት ወይም ሦስት» ሲል (ማቴ. 18፥20) ብርቱዎችን ብቻ አላለም። እንግዲህ በዚህ ሳምንት፣ አዘዞም ሆነ ፒያሳ፣ የምታምኑት ወንድም ቤት ሂዱና «መጸለይ አቅቶኛል፤ አንተ ጸልይ፣ እኔ አሜን እላለሁ» በሉት።